ጋሽ ወንዳፍራሽ ያለዘቡት መልእክት

በሲያትልና በዙሪያዋ የተጣላ አበሻ ሁሉ ጋሽ ወንዳፍራሽን ያውቃቸዋል። ያልተጣላውም ቢሆን ስልክ ቁጥራቸውን አይጥለውም፤ የነገው አይታወቅምና። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ አንድ ቤት የተከራዩ ዘመዳሞች በማቀዝቀዣ ቦታ ሲጋጩ፣ የዕድር ኮሚቴ ለሁለት ተከፍሎ ሰላምታ ሲነፋፈግ፣ የሚደወለው ከኤርፖርቱ አጠገብ፣ ዴ ሞይን ለሚኖሩት ለእሳቸው ነው። ሥራቸው ሹፌርነት ነው፤ መኪና የሚከራዩ መንገደኞችን ከኤርፖርቱ ወደ መኪና ማከራያው፣ ከማከራያው ወደ ኤርፖርቱ በትልቅ አውቶቡስ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ «ሥራህም ሽምግልናህም አንድ ነው፤ የሰው ሻንጣ ከወዲያ ወዲህ ማመላለስ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ሻንጣ የሚያመላልስ ሰው የሰው ሻንጣ አይከፍትም። ጋሽ ወንዳፍራሽ ይከፍቱ ነበር። ከአንዱ የሰሙትን ለሌላው ሲያደርሱ እሾሁን ነቅለው፣ ሸካራውን አለስልሰው ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል፤ እሳቸው አፋፉ ላይ ቆመው የሚወድቀውን ቃል የሚቀልቡ ሰው ነበሩ። ሚስት «ፊቱን ማየት አልፈልግም» ካለች፣ ባል ጋ የሚደርሰው «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ብላሃለች» ሆኖ ነው። ባል በአማቱ ላይ ያወረደው እርግማን ሚስት ጋ ሲደርስ «ለእናትሽ ክብር አለው፤ ግን ቤታችንን ለብቻችን እንምራ ነው የሚለው» ይሆናል። በዚህ የሚነቅፋቸው አልነበረም። እኛ ዘንድ ዋሽቶ ማስታረቅ ጽድቅ ነው፤ እውነቱን ተናግሮ ያጣላ ሰው ደግሞ ነገረኛ ይባላል። በእሳቸው ውሸት የቆመ ትዳር ደግሞ ስንት ነው! ልጅ የወለደ፣ ልጅ የዳረ አለ። ስለዚህ ሰውየውን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ካለ ትንሽ ይታገሥ፤ እሳቸው ራሳቸው ከማንም በላይ ራሳቸውን ወቅሰዋል።

ነገሩ የሁለት ወንድማማቾች ነገር ነው። ታላቁ ኪዳነ ወልድ ስካይዌይ ሰፈር ይኖራል፤ ታናሹ አማረ ታኮማ ወደብ ላይ ጭነት ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። አገሩን ሲረግጡ አንዲት አሮጌ ቶዮታ በፈረቃ እየነዱ፣ አንድ ካፖርት ተራ በተራ እየለበሱ የጀመሩ ልጆች ናቸው። ሰው ሲያያቸው «እንደ እነ ኪዳነ ወልድ ያርጋችሁ» ብሎ ልጆቹን ይመርቅ ነበር።

እናታቸው ጉለሌ ታመሙ። አማረ የወገብ ቀዶ ጥገና አድርጎ ገና አልጋ ላይ ነበርና አውሮፕላን መሳፈር አልቻለም። ኪዳነ ወልድ ሄደ። እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ያን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ፤ ምክሩም ለአማረ አሁን አይነገረው የሚል ሆነ። ስፌቱ ያልደረቀ ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ ሌላ ሐዘን ይጨመራል ተባለ። ድኖ ሲነሳ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች በወጉ፣ በጠዋት፣ ሰው ሰብስበው ይነግሩታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ወንዳፍራሽ ነበሩ። አማረ በየቀኑ ይደውላል፤ ኪዳነ ወልድም «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይለዋል። በቀብራቸው ዕለት እንኳ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሞ፣ አፉን በመዳፉ ጋርዶ፣ «ተኝታለች» ብሎታል።

ወጉ ደህና ወግ ነው፤ ፌስቡክ የሚባል ነገር ባይኖር። ቨርጂኒያ ያለች አንዲት የሩቅ ዘመድ የእናትየውን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፋ «ነፍስ ይማር» ጻፈችበት። አማረ በጀርባው ተንጋሎ ስልኩን ሲነካካ፣ በአንድ ሕፃን የልደት ፎቶና በአንድ ያገለገለ መኪና ማስታወቂያ መካከል የእናቱን ሞት አነበበው። ብቻውን ነበር። የሚይዘው ሰው፣ አብሮት የሚጮኽ ሰው አልነበረም። ኪዳነ ወልድ ከኢትዮጵያ ሲመለስ በሩን አልከፈተለትም።

ከርሞ ከርሞ የኪዳነ ወልድ ሚስት ሶሲ ጋሽ ወንዳፍራሽ ዘንድ ደወለች። ባሏ እንቅልፍ አጥቷል፤ በሥራ ቦታም ሐሳቡ አብሮት አይውልም፤ እባክዎ አንድ ይበሉን አለች። ጋሽ ወንዳፍራሽ ደንባቸው መጀመሪያ ወደ ተበዳዩ መሄድ ነውና አንድ ከሰዓት በኋላ ታኮማ ወርደው የአማረን በር አንኳኩ።

አማረ ሰው አክባሪ ነው። ሶፋው ላይ ደህናውን ቦታ ሰጣቸው፣ ጁስ ቀዳላቸው፣ የወይዘሮ ጥሩብርሃንን ጉልበት እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ስለ ወንድሙ ሲነሳ ግን ድምፁ ዝቅ አለ፤ እሱ የሚያስፈራው ሲጮኽ ሳይሆን እንዲህ ሲሆን ነው።

«ጋሽ ወንዴ፣ እኔ ይቅርታ ይበለኝ አላልኩም» አለ። «እማዬ እንዴት እንደሞተች እሱ በአፉ ይንገረኝ። ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ምን እንዳለች፣ ጠርታኝ እንደሆነ። ያን ጊዜ የደበቀኝን አሁን ቁጭ ብሎ ይንገረኝ። ይኼን ካላደረገ ግን ጉንጬን አይስመኝ። እንዳልኩት አድርገው ይንገሩልኝ፣ ቃል ሳይቀንሱ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ እንዳልከው እነግረዋለሁ ብለው ቃል ገቡና ወጡ። ቃል ሲገቡም ከልባቸው ነበር።

መንገዱ ግን ረጅም ነው። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ተጨናንቆ፣ ዝናቡም እንደ ልማዱ መጣሁ ቀረሁ እያለ፣ ፌዴራል ዌይ አካባቢ ሲደርሱ ልማዳቸው ያዛቸው። «በአፉ ይንገረኝ» የሚለው እንደ ፖሊስ ምርመራ ሆኖ ተሰማቸው። «ጉንጬን አይስመኝ» ደግሞ ለታላቅ ወንድም የሚባል አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ የእናታቸውን ጣር እያነሱ እያወሩ ሁለቱም ሲያለቅሱ ታያቸው። ዕርቅ የሚጀመረው በሳቅ ነው፤ በለቅሶማ ሲጀመር አይተው አያውቁም። ቁስል ሊሽር ሲል ማን ይነካዋል? እያሉ አንዱን ቃል አወጡ፣ ሌላውን ቀየሩ፣ ያኛውን ጣሉ። ስካይዌይ ዳገቱን ሲወጡ አፋቸው ላይ የነበረው የአማረ ቃል አልነበረም።

ኪዳነ ወልድ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። የወንድምህ ልብ ራርቷል አሉት። ያለፈውን አናንሳው፣ ወንድሜን ልየው ነው የሚለው አሉት። ትልቁ ሰውዬ እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ዕንባውን ጠርጎ ቀና ሲል አንድ ነገር ጠየቀ።

«ስለ እማዬ ምንም አልጠየቀም?»

እዚህ ላይ መመለስ ይቻል ነበር። ኪዳነ ወልድ ራሱ በጥያቄው በሩን ከፍቶላቸው ነበር፤ መግባት ብቻ ነው የቀራቸው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ግን የሰውየውን ፊት አይተው አዘኑለት፤ በዚህ ሰው ላይ ጥያቄ መጫን ጭካኔ መሰላቸው።

«አልጠየቀም» አሉ። «አንተም እንዳታነሳበት። ቁስሉን አትንካው።»

ዕርቁ የተደረገው በጋሽ ወንዳፍራሽ ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ታላቁ ለታናሹ ጉልበት ጎንበስ አለ፤ ታናሹ አነሳው፤ ተቃቀፉ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ማዕድ ቀረበ። አማረ ስልኩን አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ጠበቀ። ኪዳነ ወልድ ስለ መኪናው ጎማ አወራ። ወሬው ሲያልቅና ዝምታ ሲሆን አማረ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ኪዳነ ወልድ ደግሞ የተነገረው ማስጠንቀቂያ ትዝ ይለውና ስለ ልጁ የኳስ ቡድን ይጀምራል። እንደገና ዝምታ፣ እንደገና ዐይን ለዐይን፣ እንደገና የአየር ጠባይ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ወጥ ሲጨምሩ ይህን አይተው ባላቸውን ወደ ጓዳ ጠሯቸውና አማረ የሚጠብቀው ነገር አለ አሏቸው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ተይ እባክሽ፣ ደህና እየሄደ ነው ብለው ተመለሱ።

ሲሰነባበቱ አማረ በሩ ላይ ቀረት አለ።

«ጋሽ ወንዴ፣ ነግረውልኛል?»

«ነግሬልሃለሁ።»

«እንዳልኩት?»

«እንዳልከው» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው።

«ኦኬ» አለ አማረ። ወደ መኪናው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ተጣሉ ማለት አይቻልም። የተጣላ ሰው ቢያንስ ይናደዳል። እነሱ በየበዓሉ የአደይ አበባ ሥዕል ያለበት «መልካም በዓል» ቴክስት ይደራረጋሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ ይሳሳማሉ፤ «ሥራ እንዴት ነው» ይባባላሉ። አንዱ ወንድሜ ተጠይቆም ስለ እናቴ አንድ ቃል ነፈገኝ ይላል። ሌላው ወንድሜ ስለ እናታችን መስማትም አልፈለገም ይላል። ሁለቱም በልባቸው ነው፤ ማንም አይሰማቸውም። ጋሽ ወንዳፍራሽ ካስታረቋቸው ሰዎች መካከል እነሱ ላይ ሲደርሱ ቆጠራቸውን ገታ ያደርጋሉ፤ ግን ጊዜ ያሽረዋል እያሉ ያልፉታል።

ጊዜ ግን ያመጣው ሌላ ነው። ኪዳነ ወልድ ሆዱን አመመው፤ ሲመረመር የጉበቱ ሕመም ጊዜ አልፎበታል። ሐኪሞቹ ለሶሲ ሳይሸፋፍኑ ነገሯት፤ የፈረንጅ ሐኪም ርኅራኄ አያውቅም ብላ አለቀሰች። ጋሽ ወንዳፍራሽ አንድ ቀን ከሥራ ወጥተው ሊጠይቁት ሆስፒታል ሄዱ። ሶሲ ዕቃ ልታመጣ ወደ ቤት ወርዳ ስለነበር ብቻቸውን ሆኑ።

ኪዳነ ወልድ በመስኮቱ በኩል ከሩቅ የሚታየውን ሐይቅ እያየ ሳይጠየቅ ጀመረ። እናቱ በመጨረሻዋ ሰሞን ዐይኗ ደክሞ ሰው አትለይም ነበር። «አማረ» ብላ ትጣራለች። መጀመሪያ ኪዳኔ ነኝ እማዬ አላት፤ ፊቷ ጠቆረ። እንደገና ስትጣራ ግን «አቤት እማዬ» አላት። «መጣህልኝ?» አለችው። መጥቻለሁ አላት። እጁን ይዛ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየዳበሰች፣ «አውሮፕላኑ አላደከመህም?» ብላ ጠየቀችው፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በዚያው ቀረች።

«የእኔን ስም አልጠራችም» አለ ኪዳነ ወልድ። «አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሚነገረው ለእሱ ነበር፤ የእሱ ነው እኮ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፣ ጋሽ ወንዴ። እሱ ግን ያለፈውን አናንሳ አለ፤ እኔ ማን ነኝና አነሳለሁ?»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ። አፋቸውን ከፈቱ። በዚያች ቅጽበት ነርሷ ጉሉኮስ ልትቀይር ገባች፤ እሳቸውም የሚያሳፍር ቢሆንም እውነቱ ይነገርና፣ መግባቷን በልባቸው አመሰገኑ። ነርሷ ስትወጣ ኪዳነ ወልድ ደክሞት ዐይኑን ጨፍኖ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቆመው አንድ ሐሳብ አሰቡ። አማረን ያስመጡታል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው፣ በሁለቱም ፊት፣ ያደረጉትን ይናገራሉ። ሐሳቡ ደህና ነበር። ደወሉ።

አማረ ሲያነሳ ከኋላው የወደቡ ማሽን ይጮኻል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ኪዳኔን ትንሽ አሞት ሆስፒታል ገብቷል አሉት።

«ምነው፣ ሲሪየስ ነው እንዴ?» አለ አማረ።

እኛ በስልክ ሕመምን በሙሉ ስሙ አንጠራም። የሞተውን «ታሟል» እንላለን፤ የሚሞተውን «ትንሽ አመም አድርጎታል» እንላለን፤ ሰሚውም ከነገሩት ላይ ጨምሮ እንዲሰማ ይጠበቅበታል። አማረ ግን ግማሽ ዕድሜውን እዚህ የኖረ ሰው ነው። ትንሽ ሲሉት ትንሽ ይሰማል። ጋሽ ወንዳፍራሽም ይህን ያውቁ ነበር፤ ግን ፎርክሊፍት ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት ወንድምህ ሊሞት ነው ይባላል?

«አይ፣ ትንሽ ነው» አሉ። «ግን መጥተህ ብታየው ደስ ይለዋል።»

«ኦኬ፣ ሶ ቅዳሜ ኦፍ ነኝ። በጠዋት እመጣለሁ ይበሉት።»

ይህንን መልእክት እንኳ ሳያዛንፉ አደረሱ። ኪዳነ ወልድ ቅዳሜ አማረ ይመጣል ሲባል ፊቱ በራ። ሶሲ ስትመለስ ምላጭ አምጪና ጢሜን ላጪኝ አላት።

ማታ ለሚስታቸው ሁሉንም ተናገሩ፤ ታኮማ የተቀበሉትን፣ ስካይዌይ ያደረሱትን፣ በስልክ ያሉትን። ወይዘሮ ጥሩብርሃን እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«ደውልና ወንድምህ እየሞተ ነው፣ ዛሬውኑ ና በለው» አሉ።

«እንዲህ ተብሎ በስልክ ይነገራል?»

«ይነገራል። ተናግረኸው ስለማታውቅ ነው።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ስልኩን አንስተው ቁጥሩን አወጡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ቅዳሜ ቅርብ ነው አሉ። ሐኪሞቹ ገና ሳምንታት አለው ብለዋል አሉ። ሐኪሞቹ ግን እግዜር አይደሉም፤ ኪዳነ ወልድ ዓርብ ጠዋት አረፈ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ሽማግሌዎቹ ሶሲ ቤት ተሰብስበው አማረ ነገ መምጣቱ አይቀርም፣ ሲመጣ እዚሁ ሰው በተሰበሰበበት እንነግረዋለን ሲሉ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ እኔው ብቻዬን እነግረዋለሁ አሉ። ይህ ከወጉ የወጣ ነው ያላቸው ነበር። ወጉን ደጁ ላይ ትተውት ወጡ።

አማረ ከሥራ ሲመለስ የአፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው አገኛቸው። ብርቱካናማውን የሥራ ሰደርያ አላወለቀም፤ የምሳ ዕቃው በእጁ ነው። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነገ እመጣለሁ አላልኩም እንዴ ሊል ነበር። ጋሽ ወንዳፍራሽ አላስጨረሱትም። መጀመሪያ ሰላምታ አላቀረቡም፣ ተቀመጥ አላሉትም፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ አላስቀደሙም።

«ኪዳኔ ዛሬ ጠዋት ሞተ» አሉት።

አማረ የምሳ ዕቃውን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ትንሽ ነው ብለውኝ ነበር» አለ።

«ብዬህ ነበር። ብዙ ነበር።»

አማረ አልጮኸም። የጋሽ ወንዳፍራሽን መኪና ተደግፎ ቁጢጥ አለና ፊቱን በእጆቹ ያዘ። እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ሲሚንቶው ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። የጎረቤት ሰዎች መኪናቸውን ፓርክ እያደረጉ አይተዋቸው አልፈዋል። ትንሽ ቆይተው የእናቱን ነገር ነገሩት። ምላሳቸው እንደ ልማዱ ሊያሳምር ሲል ይይዙታል፤ ኪዳነ ወልድ እንደነገራቸው አድርገው፣ «አቤት እማዬ» ያለውን፣ «መጣህልኝ» የተባለውን፣ ጣቶቹን መዳበሷን፣ አውሮፕላኑ አላደከመህም ማለቷን፣ ታላቁ ልጅ ስሙ ሳይጠራ መቅረቱንና መከፋቱን፣ አንዲት ቃል ሳይቀንሱ ተናገሩ። እናትህ የሞተችው የአንተን እጅ የያዘች መስሏት ነው አሉት።

አማረ እጆቹን ከፊቱ አውርዶ መዳፎቹን ሲያይ ቆየ።

«ይኼን ሊነግረኝ ያልፈለገው ለምንድን ነው?» አለ።

«ፈልጎ ነበር። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር አለኝ።»

«ጠይቄው ነበር እኮ፣ ጋሽ ወንዴ።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆን ለስላሳ ቃል አጥተው አያውቁም። አሁንም አልጠፋቸውም፤ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጡት።

«ጠይቀኸው ነበር» አሉ። «እኔ ጋ ነው የቀረው።»